ዝሆኔ ካለበት ቤት መጋባት ይቻላል

ዛሬ ስለ አንድ የወጣቶች ልብ ወለድ ልንገራችሁና ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ዝሆኔ ጉዳይ እንመለሳለን።

የናንሲ ወርሊን «ደብል ሄሊክስ» በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የ18 ዓመቱ ኤሊ፣ እናት ሀንቲንግተን በተባለ የአንጎል በሽታ እየተሠቃየች ነው። በሽታው ከአንድ ዘረመል ጉድለት ይመጣል፤ የታማሚ ልጅ ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ኤሊ የእናቱን ሕመም ከፍቅረኛው እንኳ ይደብቃል። መጽሐፉ ወደ ዘረመል ምህንድስና ቤተ ሙከራ ይዞን ይገባል፤ እኔን የያዘኝ ግን ይህ መደበቅ ነው።

እኛም ጋ ዝሆኔ ይደበቃል። ያበጠ እግር በቀሚስ ይሸፈናል፤ «ከዘራቸው ዝሆኔ አለ» ከተባለ የታጨችም ትቀራለች።

እውነት ነው፣ በደጋ የሚታየው ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) በቤተሰብ ይበዛል። የታማሚ ወንድም ወይም እህት ተጋላጭነቱ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከተጋላጭነቱ ጋር የተያያዙ ዘረመሎችን አግኝተዋል።

ከሀንቲንግተን የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። በሽታው እንዲነሣ ባዶ እግርና የእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ያስፈልጋል። የደብረ ታቦር አካባቢው የጉና ተራራ ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ፤ ከዓመታት በኋላ እግር ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ስለዚህ ለዚህ በሽታ ዘረመል የሚቆርጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የታማሚ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሽፍን ጫማ ያድርግ፤ ነጠላ ጫማና በረባሶ አፈር ያስገባሉ። ማታ እግሩን በሳሙና ይታጠብ። ለታመመውም መላ አለ፦ በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ። ቶሎ ከተጀመረ እብጠቱ ይቀንሳል።

ሽማግሌዎቻችን፣ በዚህ ምክንያት ጋብቻ አታፍርሱ። እናንተም የምትጽፉ ወጣቶች፣ የደጋውን ልጅ ታሪክ ጻፉልን። ይህን ጽሑፍ ታማሚ ላለበት ቤት አድርሱ።