ረቂቅ ተሕዋስያን የፍሎራይድን መርዝ እንዴት ይቋቋማሉ?

በአገራችን በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ሥፍራ የጕድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንቱ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያመለከተው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ይሁን እንጂ ፍሎራይድ መርዝ የሚሆነው ለሰው ብቻ አይደለም፤ በውሃና በአፈር ለሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ነው። ታዲያ አንዲት ሴል ብቻ የሆኑት እነዚህ ፍጥረታት እንዴት ይቋቋሙታል?

አስቀድመን መርዙ እንዴት እንደሚገባ እንመልከት። የሴል ስስ ሽፋን ከቅባት የተሠራ በመሆኑ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው የፍሎራይድ አዮን በቀላሉ አያልፈውም። ዳሩ ግን አሲድ ባለበት ውሃ ከፊሉ ከፕሮቶን ጋር ተጣምሮ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይሆናል፤ ይህም ቻርጅ የለውምና ሽፋኑን ሾልኮ ይገባል። በሴሉ ውስጥ አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ ፕሮቶኑን ጥሎ እንደገና አዮን ይሆናል፤ መውጫም ያጣል። የውጭው ፒኤች 5፣ የውስጡ 7 ቢሆን፣ ሲሰላ በውስጥ የሚከማቸው ፍሎራይድ የውጭውን መቶ እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። እዚያም ስኳርን ለጉልበት ለመለወጥ የሚያገለግለውን ኢኖሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስለሚገታ ሴሉ ምግብ ሳለ ይራባል።

ከዚህ እንደምንረዳው በር መዝጋት አይጠቅምም፤ መርዙ የሚገባው በግድግዳው በኩል ነውና። የሚጠቅመው መውጫ መክፈት ነው። ተሕዋስያኑም ለዚህ ሥራ በሽፋናቸው ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች አሏቸው።

አንደኛው ፍሉክ ይባላል። ሁለት ትናንሽ ፕሮቲኖች፣ የአንዱ ራስ ከሌላው እግር ጋር እንዲሆን ተገለባብጠው በመጣመር ቦይ ያበጃሉ። ቦዩ ፍሎራይድን ሲያሳልፍ የቅርብ ዘመዱን ክሎራይድን ግን ይከለክላል፤ ክሎራይድ እንደ ልቡ ቢመላለስ የሽፋኑ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይናጋ ነበርና። ቦዩ ራሱ ጉልበት አያወጣም። የሴሉ ውስጥ ኔጋቲቭ ስለሆነ እንደ እርሱ ኔጋቲቭ የሆነውን ፍሎራይድ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ሁለተኛው ከሲኤልሲ ቤተሰብ የሆነ ለዋጭ ሲሆን፣ አንድ ፕሮቶን እያስገባ አንድ ፍሎራይድ ያስወጣል። ጥርስን የሚያበሰብሰው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚገለገለው በዚህ ወገን ነው። እርሾም ቢሆን የፍሉክ ዘመድ የሆነ ፌክስ የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ጂኖቹ ሲወገዱ በጥቂት ፍሎራይድ እንኳ ማደግ ይሳነዋል።

ይህ ዕውቀት የቅርብ ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በዬል ዩኒቨርሲቲ የሮናልድ ብሬከር ቡድን ፍሎራይድን ለይቶ የሚያውቅና የመከላከያ ጂኖችን ሥራ የሚያስጀምር የአር ኤን ኤ ክፍል መኖሩን አስታወቀ። በ2015 ደግሞ የፍሉክ ቅርፅ በክሪስታል ጥናት ታወቀ።

ጥቅሙም ግልጽ ነው። ፍሉክን የሚደፍን መድኃኒት ቢገኝ ጥቂት ፍሎራይድ ብቻ ጀርሙን ሊጎዳ ይችላል፤ የሰው ሴል ፍሉክ ስለሌለው የሚደፈንበት ቦይ የለም። የሲኤልሲ ቤተሰብ ግን በእኛም ሰውነት ስላለ በዚያ በኩል ጥንቃቄ ያሻል። ፍሉክ የሌለን መሆናችን ሌላም ነገር ያስገነዝበናል፤ ባክቴሪያው መርዙን ከገባ በኋላ ያስወጣዋል፤ ለስምጥ ሸለቆ ልጅ ግን መከላከያው ፍሎራይዱን ሳይጠጣው ከውሃው ማስወገድ ነው።