የዘመናዊ ሽጉጥ እጀታ፦ ከአንድ ልክ ወደ እያንዳንዱ እጅ

የሽጉጥ ነገር ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስንት ጥይት እንደሚጎርስ፣ የት አገር እንደተሠራና ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። ስለ እጀታው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ጉንጭ ይደገፈዋል፣ ሁለት እጅ ተራርቆ ይይዘዋል። ሽጉጥ ግን ከመዳፍ በቀር ድጋፍ የለውም። ተኳሹ የሚሠራው ስህተት ሁሉ በእጀታው በኩል ወደ አፈሙዙ ያልፋል።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያድግ በቁጥር ማየት ይቻላል። ግሎክ 17 በተባለው ሽጉጥ ላይ ከኋለኛው ማነጣጠሪያ እስከ ፊተኛው ያለው ርቀት 165 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቃታው በሚሳብበት ቅጽበት የፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢሸሽ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ ከታለመለት ቦታ 15 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ያርፋል። ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ግዳጅ ላለበት ፖሊስ ይህ ርቀት የማይመለከተውን ሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የእጀታ ቅርጽ የምቾት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እጀታን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ውፍረቱ ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሽጉጦች ካዝናው የሚገባው እጀታው ውስጥ ስለሆነ፣ እጀታው ከጥይቱ ርዝመት ሊያንስ አይችልም። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት 9 ሚሊሜትር ጥይት ከነቀለሁ ወደ 30 ሚሊሜትር ይረዝማል። የካዝናው ቆርቆሮና የእጀታው ግድግዳ በላዩ ይደመሩበታል። ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ሲደረደሩ ደግሞ ጎኑም ይሰፋል። ሁለተኛው ከእጀታው ጀርባ እስከ ቃታው ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ለጣቱ ከበዛ ተኳሹ መያዣውን አዙሮ በጣቱ ጫፍ ይስባል፤ ካነሰ ጣቱ ጠልቆ ይገባና ሽጉጡን ወደ ጎን ይገፋል። ሦስተኛው አፈሙዙ ከእጅ በላይ ያለው ከፍታ ነው። የኋሊት ግፊቱ የሚያልፈው በአፈሙዙ መስመር ስለሆነ፣ መስመሩ ከመዳፉ በራቀ ቁጥር አፈሙዙ ወደ ላይ አብዝቶ ይዘላል። አራተኛው የእጀታው ዘንበልታ ነው። ክንድ ሲዘረጋ አፈሙዙ በቀጥታ ወደ ፊት ያይ ወይም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነብል እንደሆን የሚወስነው እሱ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ከፕላስቲክ ዘመን በፊትም ነበሩ። ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ የነደፈው ኤም 1911 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ለዓመታት ካገለገለ በኋላ በ1920ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማሻሻያ ተደረገለት። ቃታው አጠረ፤ ከቃታው ጀርባ ያለው ብረት ለጣት መግቢያ እንዲሆን ግራና ቀኝ ተፋቀ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ እንዳይነክስ ከላይ ያለው ምላስ ረዘመ፤ የእጀታው ጀርባ ታችኛው ክፍልም ጎበጥ እንዲል ተደረገ። ኤም 1911ኤ1 የተባለው ይህ ነው። ሠራዊቱ የወታደሩን እጅ አይቶ መሣሪያውን አርሟል። ነገር ግን እርማቱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ጉብጠቱ የሚስማማውም የማይስማማውም ያንኑ ይዟል። የብረት ሽጉጥ አካል አንድ በአንድ በማሽን እየተፋቀ ስለሚወጣ፣ ለትልቅ እጅ አንድ ለትንሽ እጅ ሌላ ማዘጋጀት ወጪው የሚቻል አልነበረም።

ፖሊመር የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይህን ለወጠው፤ ለውጡ ግን በአንድ ቀን አልመጣም። አካሉ ከፕላስቲክ የተሠራ የመጀመሪያው ሽጉጥ የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮኽ በ1970 ያወጣው ቪፒ70 ነው። 18 ጥይት ይጎርስ ነበር፤ ነገር ግን ቃታው ከባድ ስለነበር ብዙ ወዳጅ አላፈራም። አዲሱን ቁስ ዓለም እንዲቀበለው ያደረገው ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ ነው። ቪየና አጠገብ ዶይች ቫግራም በምትባል ከተማ የነበረው ድርጅቱ ለኦስትሪያ ጦር ቢላዋ ያቀርብ ነበር፤ ሽጉጥ ግን ሠርቶ አያውቅም። በ1980 ጦሩ አዲስ ሽጉጥ እንደሚፈልግ ሲሰማ ሥራውን ጀመረ፤ በ1982 ግሎክ 17 ተመረጠ። ካዝናው 17 ጥይት ይይዛል፤ ባዶውን ከ650 ግራም አይበልጥም። ኤም 1911 ባዶውን ወደ 1.1 ኪሎ ይመዝን ነበር።

የክብደቱ መቀነስ ብዙ ተወርቶለታል። ለእጅ የበለጠ ትርጉም ያላቸው ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ በብረት ሽጉጥ ላይ እጅ የሚይዘው በብሎን የታሰረ የእንጨት ወይም የላስቲክ ሽፋን ነው፤ በሽፋኑ ሥር ብረቱ፣ በብረቱ ሥር ካዝናው አለ። በፖሊመሩ ላይ ግን ሽፋኑና አካሉ አንድ ናቸው። አንድ ረድፍ ግድግዳ ስለሚቀር፣ ብዙ ጥይት የሚይዝ ካዝና ከበፊቱ ባነሰ ውፍረት ውስጥ ሊገባ ቻለ። ሁለተኛ፣ ግሎክ ከኋላ የሚቆም መዶሻ የለውም፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ከላይ በሚንሸራተተው ብረት ውስጥ ተሸሽጓል። መዶሻው ስለሌለ እጅ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይይዛል፣ አፈሙዙም ወደ መዳፉ ይቀርባል። ሽጉጡ ሲቀል ግፊቱ ይበልጥ ይሰማል፤ አፈሙዙ ዝቅ ማለቱ ይህን በከፊል ያካክሰዋል።

ከዚህም በላይ የአሠራሩ ስሌት ተገለበጠ። ፖሊመር ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ፎርማ ይገባል። ፎርማው ራሱ እጅግ ውድ ነው፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን ለጥ ያለ ቅርጽም ሆነ የተጠማዘዘ ቅርጽ ዋጋው እኩል ነው። በብረት ዘመን እያንዳንዱ ጉብጠትና እያንዳንዱ ጎድጓዳ የማሽን ሰዓት ይበላ ነበር። አሁን ነዳፊው እጅን እየተመለከተ ለመቅረጽ ነፃነት አገኘ።

ግሎክ ራሱ በዚህ ነፃነት ብዙ አልተጠቀመም። የመጀመሪያዎቹ እጀታዎቹ አራት ማዕዘን የሚመስሉ፣ ከጀርባቸው ታችኛው ጫፍ ላይ ጎበጥ ያሉና ከኤም 1911 ጥቂት ዲግሪዎች አብልጠው የሚያዘነብሉ ናቸው። በአሮጌው ሽጉጥ የለመደ ሰው ግሎክን ሲያነሳ አፈሙዙ ወደ ላይ ያይበታል። ይህ የቅርጹ ጥፋት ነው ማለት ያስቸግራል፤ የእጅ አንጓ የለመደውን ማዕዘን ስለሚያስታውስ ነው። ሆኖም ቅሬታው ለተፎካካሪዎች በር ከፈተ።

በመጀመሪያ የመጣው ቅጂ ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1990ዎቹ ሲግማ የተባለውን ሽጉጥ ሲያወጣ ከግሎክ ጋር ያለው መመሳሰል በዛና ግሎክ በ1994 ከሰሰው፤ ጉዳዩ በ1997 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተዘጋ። በዚያው ጊዜ ግን ጀርመን ውስጥ እውነተኛው አዲስ ሐሳብ ብቅ አለ። በሆርስት ቬስፕ የተነደፈው ዋልተር ፒ99 የእጀታው ጀርባ የሚነቀል ሆኖ መጣ፦ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ። ብዙ ሰው ይህን ሽጉጥ ያወቀው በ1997 ጄምስ ቦንድ በፊልም ይዞት ሲታይ ነው፤ ታሪካዊ ያደረገው ግን ያ የሚቀያየር ጀርባ ነው። በኤም 1911ኤ1 ላይ ለሁሉም አንድ የነበረው ጉብጠት፣ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ በልክ መቅረብ ጀመረ።

ሄክለር ኡንድ ኮኽ በ2006 ባወጣው ፒ30 ሐሳቡን ገፋበት። የእጀታው ጀርባ፣ የቀኝ ጎኑና የግራ ጎኑ ለየብቻ ይቀየራሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ልክ ስላላቸው 27 ዓይነት እጀታ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው መዳፉ የሚያርፈው በቀኝ ጎን ላይ ነው፣ የጣቶቹ ጫፍ ደግሞ በግራ ጎን ላይ። መዳፉ ሰፊ ጣቶቹ ግን አጭር የሆነ ሰው በአንድ ጎን ወፍራሙን በሌላው ጎን ቀጭኑን ማድረግ ይችላል። ገበሬ የመጥረቢያውን ዛቢያ እንደ እጁ እየጠረበ እንደሚያስተካክል፣ ፋብሪካ የሚሠራው ሽጉጥም ወደዚያ ተጠጋ።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም በ2005 ኤም ኤንድ ፒ የተባለውን ሲያወጣ ከቅጂ ወጥቶ ነበር፤ ጉብጠቱ ለስለስ ያለ፣ ዘንበልታው ወደ ኤም 1911 የቀረበ፣ ሦስት ልክ ያለው እጀታ ይዞ መጣ። የቼክ ነዳፊዎች ደግሞ በ1975 በወጣውና በመዳፍ አቀማመጡ በተወደደው ሲዜድ 75 የተማሩትን በ2017 ወደ ፖሊመሩ ፒ-10 ሲ አሻገሩት።

ከሁሉ ራቅ ያለው እርምጃ የሲግ ሳወር ፒ320 ነው። እዚህ ላይ ሕጋዊ ቁጥሩ የተቀረጸበት የሽጉጡ ልብ ቃታውንና ተያያዥ ክፍሎቹን የያዘ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው፤ እጀታው በሙሉ ወልቆ በሌላ ልክ ይተካል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከ1985 ጀምሮ ሲገለገልበት የነበረው ቤሬታ ኤም 9 ለትንሽ እጅ ወፍራም ነበር፤ የመጀመሪያውን ጥይት ለመተኮስም ጣት ሩቅ መድረስ ነበረበት። በጥር 2017 ሠራዊቱ ፒ320ን ኤም 17 ብሎ ሲመርጥ፣ ሊሟሉ ይገባል ካላቸው ነገሮች አንዱ እጀታው ለተለያየ እጅ መመቸቱ ነበር።

የግሎክ የጣት ጎድጓዶች ታሪክ ለነዳፊ ሁሉ ትምህርት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሦስተኛው ትውልድ ግሎክ በእጀታው ፊት ላይ ለጣቶች ማረፊያ የሚሆኑ ጎድጓዶች ይዞ መጣ። ጣቶቹ በልኩ ለሆኑለት ሰው ደስ ይላል። ጣቱ ለቀጠነ ወይም ለወፈረ ግን የጎድጓዱ ጠርዝ ጣቱ ሥር ይገባና ያሻክረዋል፤ በጥድፊያ ሲመዘዝም ጣቶች ቦታቸውን ይስታሉ። ኩባንያው በ2010 በአራተኛው ትውልድ ላይ የሚቀየር ጀርባ ጨመረ፤ በ2017 በአምስተኛው ላይ ጎድጓዶቹን ጨርሶ አነሳቸው። ጣትን በአንድ ቦታ ማሰር ለአንድ እጅ መሥራት ነው፤ ለስላሳ ፊት ግን ለብዙ እጅ ይሆናል።

የተኳሾች ልማድም ቅርጹን ቀይሯል። በ1980ዎቹ ደጋፊው እጅ ጠቋሚ ጣቱን ከፊት እንዲያሳርፍ ተብሎ ቃታውን የሚከልለው ቀለበት አራት ማዕዘን ይደረግ ነበር። በዚያው ዘመን እንደ ሮብ ሌተምና ብራያን ኢኖስ ያሉ የውድድር ተኳሾች ሁለቱንም አውራ ጣት ወደ ፊት ዘርግተው፣ ደጋፊውን መዳፍ ከጎን አጣብቀው መያዝን አስፋፉ። ከዚያ በኋላ በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ቀለበቱ ክብ ሆነ፤ ሥሩም የመሃል ጣት ከፍ ብሎ እንዲገባ ተጎደጎደ፤ ሻካራው ገጽ ከፊትና ከኋላ አልፎ ደጋፊው መዳፍ በሚያርፍበት ጎን ላይም ተዘረጋ።

ልክን ለማወቅ ምስጢር የለውም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ፣ ካዝናውም መውጣቱ ሁለት ጊዜ ተረጋግጦ፣ አፈሙዙ አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ ይደረጋል። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ እጀታው ላይ ከፍ ብሎ ይገባል፤ አፈሙዙ ከክንድ አጥንት ጋር አንድ መስመር ይሠራል። መስመሩ ሳይዛባ የሌባ ጣት የመጀመሪያው አንጓ ሥጋ ቃታው መሃል ላይ ካረፈ እጀታው ልክ ነው። ለመድረስ መዳፍን ማዞር ካስፈለገ ትልቅ ነው፤ ጣቱ አልፎ ከሄደ ትንሽ ነው።

ይህን መፈተሽ ያለባቸው ሽጉጥ ገዝተው ለሠራተኛ የሚያድሉ ተቋማት ናቸው። አንድ ልክ ብቻ ይታደል በነበረበት ዘመን እጃቸው ያነሰ ሁሉ፣ በተለይም ሴት ፖሊሶችና ወታደሮች፣ ዒላማ ሲስቱ የሚወቀሱት እነሱ ነበሩ። ዛሬ የሚቀየረው ጀርባ በሣጥኑ ውስጥ ከሽጉጡ ጋር ይመጣል፤ መካከለኛው ተገጥሞ ሌሎቹ ሣጥን ውስጥ ቢቀሩ ግን ፋብሪካው የደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው። ሰልጣኙን "መተኮስ አይችልም" ከማለት በፊት መዳፉን ከእጀታው ጋር ማስተያየት የአሰልጣኙ ግዴታ መሆን አለበት። ልኩን ያገኘ እጅ ቶሎ ይማራል፣ ጥይቱንም ወደታሰበበት ይልካል፤ ይህም ከተኳሹ በላይ በአካባቢው ላለው ሰው ደህንነት ነው።