ብራናውና ስልኩ በአንድ ክፍል

በመንዝ ደጋ ላይ አማርኛ የማስተምር መምህር ነኝና፣ ደቀ መዛሙርቴ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕልና በድምፅም ጭምር ድርሰት እንዲደርሱ ማዘዝ ከጀመርሁ ወዲህ፣ «ይህ የጽሕፈት ትምህርት ነው ወይስ የስልክ ጨዋታ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ወዳጆቼ ዛሬ ዘለግ ያለ መልስ ልሰጥ ወደድሁ።

ነገሩ እንግዳ መስሎ የሚታየን የገዛ ብራናችንን በቅጡ ስላላየነው ነው። በደብሮቻችን ዕቃ ቤት ያለውን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ገልጠን ብንመለከት፣ ንባቡ በጥቁር፣ ርእሱና ቅዱሳት አስማት በቀይ ቀለም ተጽፈው፣ ከፊደላቱ በላይ ደግሞ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት የዜማ ምልክቶች ደቅቀው ተቀምጠው እናገኛለን፤ እነዚህንም ምልክቶች በ16ኛው ምእተ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩአቸው ሊቃውንቱ ይተርካሉ። ምልክቱ ንባቡን አይደግመውም፤ ድምፁ የት እንደሚወድቅና የት እንደሚያዝ፣ ማለትም ንባቡ ብቻውን ሊናገረው የማይችለውን ይናገራል እንጂ።

እኔ ግን ይህን ሥርዓት ያስተዋልሁት ከተሳሳትሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያ በመንዝ ስላለው የጓሳ ሣር ምድር እንዲጽፉ ባዘዝኋቸው ጊዜ፣ ልጆቹ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ፎቶግራፍ ሰብስበው፣ ከየሥሩ «ይህ ጭላዳ ነው» የሚል አንድ መስመር ጽፈው አመጡልኝ። ፎቶግራፉን በእጄ ብሸፍነው ከጽሑፉ የቀረ አልነበረም፤ ጽሑፉንም ብሸፍነው ከፎቶግራፉ የጎደለ አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር ለቃል፣ ለሥዕልና ለድምፅ ለእያንዳንዳቸው ድርሻቸውን አከፋፈልሁ። የጓሳ መሬት ለተወሰኑ ዓመታት እየተዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈት የነበረበትን፣ ከ17ኛው ምእተ ዓመት የመጣውን የቄሮ ሥርዓት ምክንያቱንና ውጤቱን ቃል ይግለጥ፤ ወሰኑ በየት እንደሚያልፍ በእርሳስ የተነደፈ ካርታ ያሳይ፤ የሽማግሌውን ትዝታ ደግሞ ድምፅ ይያዝ አልሁ። ከልጆቹ አንዲቱ አያቷን ስትቀዳ፣ አያቷ «ቄሮ» ብለው ከተናገሩ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ፤ እርስዋም ዝምታውን ሳትቆርጥ ተወችው፤ በጽሑፏም የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ያ ሥርዓት እንዴት እንደ ላላ አብራርታ ገለጠች። ዝምታው ከሚያብራራው ዐረፍተ ነገር ጋር ሲገናኝ እንጂ ብቻውን ትርጉም አይሰጥም ነበር።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ልበል። ስልክ ለአምስት ልጆች አንድ ቢሆን ይበቃል፤ ረቂቁ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፋል፤ ስልኩ የሚወጣው «ይህን ቃል አይችለውም» የሚሉት ስፍራ ሲደርሱ ብቻ ነው። በይነ መረብ በሌለበት ቀን ቀረጻው በስልኩ ይቀመጣል፣ በገበያ ቀን ከተማ ሲወርዱ በቴሌግራም ይላካል። ከማርኩም እኩሌታው ለቃሉ ነው።

ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የምታስታውሱ፣ መሣሪያ ብቻውን ትምህርት እንደማይሆን ታውቃላችሁ፤ በዚያ ዘመን ተማሪው የሌላውን ሥዕልና ድምፅ ተቀባይ ነበር፣ አሁን ግን ደራሲው እርሱ ራሱ ነው፤ ልዩነቱም ይኸው ነው።

እንግዲህ የሙያ ባልንጀሮቼ ሆይ፣ የተማሪዎቻችሁን ድርሰት ስታርሙ በመጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎም ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ በሁለቱም ጊዜ አንዳች ነገር ከጎደለ ልጁ ደርሷል፤ ምንም ካልጎደለ ግን ድርሰቱን መልሱለትና እንደገና ይጻፍ።