የአየር መንገዱ ምራቂ

በገበያ ቀን ጤፍ ወይም በርበሬ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ ለደንበኛው አንድ እፍኝ ይጨምርለታል። ይህም ምራቂ ይባላል። ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ወደዚያው ነጋዴ ይመለሳል። ዛሬ አየር መንገዶች ማይል፣ ሆቴሎችም ነጥብ እያሉ ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት ነገር ከዚህ ምራቂ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ፣ እፍኙ በዓይን የሚታይ ሲሆን ማይሉ ግን በመዝገብ ላይ የተጻፈ ቍጥር ብቻ መሆኑ ነው፤ ስንት እንደሚያወጣም የሚወስነው ሰጪው ራሱ ነው።

ለትምህርትም ሆነ ለመንግሥት ሥራ ወደ ውጭ አገር የሚመላለሱ ወጣቶች ይኸን ቍጥር የሚይዙት ከሁለት በአንዱ መንገድ ሆኖ እናገኘዋለን። አንዳንዱ ጨርሶ አይመዘገብም፤ የሚገባውን ትቶ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ማይል አገኛለሁ ሲል ያልታሰበ ወጪ ያወጣል። ሁለቱም አሠራሩን ቢያውቁት የሚጠቀሙ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ጥቂት ልንልበት ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1978 የአይሮፕላን ቲኬት ዋጋ መወሰኑን ስለ ተወ፣ በአገሩ አየር መንገዶች መካከል ብርቱ ፉክክር ተነሣ። አሜሪካን ኤርላይንስ ደንበኛውን ይዞ ለማቈየት በ1981 አድቫንቴጅ የተባለውን የማይል መዝገብ ከፈተ፤ ዩናይትድ ኤርላይንስም ቀናት ሳያልፉ ተከተለው። ሆሊዴይ ኢንና ማሪዮት የተባሉት ሆቴሎች በ1983 የየራሳቸውን አቋቋሙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መዝገብ ሼባ ማይልስ ይባላል። አየር መንገዱ በ2011 ስታር አልያንስ ከሚባለው ማኅበር ስለ ገባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በእርሱ የሚበር ሰው ከፈለገ ማይሉን በዩናይትድ ወይም በሉፍታንዛ መዝገብ ሊያስጽፍ ይችላል። እንዲሁም በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ከዩናይትድ መዝገብ ላይ ባጠራቀመው ማይል፣ እናቱን በኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ሊያስመጣ ይችላል።

ለመሆኑ ምራቂውን የሚከፍለው ማን ነው? አየር መንገዱ ማይሉን ለመንገደኛ ከመስጠቱ ሌላ፣ ለባንኮች በገንዘብ ይሸጠዋል፤ ባንኮቹም በክሬዲት ካርድ ለሚገዙ ደንበኞቻቸው ያድሉታል። ይህ ንግድ ምን ያህል እንደ ደራ በግልጽ የታየው በ2020 ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አይሮፕላኖች መሬት ላይ ቆመው ሳለ፣ ዩናይትድ የማይል ድርጅቱን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር፣ ዴልታም በዚሁ ዓይነት 9 ቢሊዮን ዶላር ተበደሩ። ይኸን ያህል ገንዘብ ለእፍኝ ጤፍ የሚያበድር ባንክ የለም።

የሆነ ሆኖ፣ ሒሳቡ ወደ ደንበኛው ያዘነበለበት ጊዜም አልታጣም። በ1999 በካሊፎርኒያ የሚኖር አንድ መሐንዲስ የአንድ ምግብ ኩባንያ ማስታወቂያ ያነባል። በዕቃው ላይ ካለው የባርኮድ ምልክት አሥር ቈርጦ ለላከ 500 ማይል፣ እስከ ሜይ ወር መጨረሻ ለላከ ግን 1000 ማይል ይሰጣል ይላል። መሐንዲሱ የኩባንያውን ዕቃዎች ዋጋ ሲያጣራ፣ ፑዲንግ የሚባለው ጣፋጭ ምግብ በትንንሽ ኩባያ በ25 ሳንቲም ሲሸጥ አገኘ። እንግዲህ 1000 ማይል የሚፈጀው ሁለት ዶላር ተኩል ብቻ ነው! 12,150 ኩባያ ገዛ፤ ወደ 3,140 ዶላር ከፈለ። ምልክቱን ሁሉ ልጦ በጊዜው ለማድረስ የማይቻል ቢሆንበት፣ ፑዲንጉን ሳልቬሽን አርሚ ለሚባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ሰጠና የማኅበሩ ሰዎች እየላጡ ረዱት። በመጨረሻም ከ1.2 ሚሊዮን የሚበልጥ ማይል በስሙ ተጻፈለት። ይኸን ሰው የምናደንቀው ለድፍረቱ አይደለም፤ ማካፈል ስለማይሰለቸው ነው።

ሁሉም መንገደኛ እንደ እርሱ ቢያካፍል መልካም ነበር። ለምሳሌ ያህል 300 ዶላር የሚሸጥ ቲኬት በ20,000 ማይልና በ60 ዶላር ቀረጥ ይገኛል እንበል። ማይሉ የተካልን 240 ዶላር ነው፤ እንግዲያውስ አንድ ሺሕ ማይል 12 ዶላር አወጣ ማለት ነው። ያው ኩባንያ ደግሞ «በታላቅ ቅናሽ» ብሎ ሺሑን ማይል በ20 ዶላር ቢያቀርብልን፣ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ቢያምር ገዝተን ለዚህ ጉዞ ብናውለው 8 ዶላር እንከስራለን። ከዚህም በላይ፣ ዛሬ በ20,000 የተገኘው ቲኬት ከርሞ 30,000 ቢጠየቅበት አቤት የሚባልበት የለም። ማይል በጎተራ እንደ ተቀመጠ እህል ነቀዝ ይበላዋል፤ በብዙ መዝገቦችም ዘንድ የተወሰነ ዘመን አለውና፣ ለልጅ ልጅ የሚያጠራቅሙትን አናመሰግንም።

አመዘጋገቡን በተመለከተ፣ ለእኛ አገር ሰው አንድ ልዩ ችግር አለ። በፓስፖርታችን ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይጻፋል፤ የውጭ አገር አየር መንገድ ግን የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይይዛል። በመዝገቡ በአባቱ፣ በቲኬቱ ደግሞ በአያቱ ስም የተጻፈ ሰው ማይሉ ሳይገባለት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም እንደ ፓስፖርቱ ማስጻፍና፣ ማይሉ መግባቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የመሳፈሪያውን ወረቀት አለመጣል ነው። በቲኬቱ ላይ የክፍሉን ዓይነት የምታመለክት አንዲት ፊደልም አለች፤ እጅግ ርካሽ የሆነው ቲኬት የሚያስገኘው ማይል ከበረራው ርቀት በብዙ ሊያንስ የሚችለው በእርሷ ምክንያት ነው። ዴልታና ዩናይትድ ደግሞ ከ2015፣ አሜሪካንም ከ2016 ጀምሮ፣ በራሳቸው በረራ ላይ ለአባሎቻቸው የሚሰጡትን በተበረረው ርቀት ሳይሆን በተከፈለው ዶላር መለካት ይዘዋል።

ስለ ሆቴሉ ብዙ አንልም። በታላላቆቹ ሆቴሎች ዘንድ ነጥብ የሚገኘው ክፍሉ ከሆቴሉ ዘንድ በቀጥታ ሲያዝ ነው፤ በሌላ ሻጭ በኩል የተያዘ አብዛኛውን ጊዜ አይቈጠርም። ለተወሰነ ወራት የሚወጣው ልዩ ስጦታም አስቀድሞ «ተሳታፊ ነኝ» ብሎ መመዝገብን ይጠይቃል። በማሪዮት አምስት ሌሊት በነጥብ ላደረ የአንዱ ሌሊት ነጥብ ይቀርለታል። አበል ተቈርጦለት የሚሄድ ወጣት ግን፣ ለነጥብ ሲል አበሉን በውድ ሆቴል ጨርሶ ምሳውን በዳቦና በሻይ ቢያሳልፍ፣ ማን ማንን እንደ ጠቀመ ለመናገር ያስቸግራል።

ከሁሉ ይልቅ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይኸ ነው፤ ቲኬቱን መሥሪያ ቤት ገዝቶ ማይሉ በተላከው ሰው ስም ሲጻፍ፣ ማይሉ የማን ነው? በጀርመን አገር ጥያቄው ሰው ከሥልጣን አውርዷል። የምክር ቤት አባሎች በሥራ ጉዞ ያገኙትን ማይል ለሥራ ጉዞ እንዲያውሉት ደንብ ነበረ። በ2002 በጋ ቢልድ የተባለው ጋዜጣ ለግል ጉዞ ያዋሉትን እያጋለጠ ጻፈ። የአረንጓዴው ፓርቲ ሰው ጄም ኦዝደሚር፣ ከአንድ የግል ብድር ጉዳይ ጋር ተደርቦባቸው ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። የበርሊን ከተማ የኢኮኖሚ ኃላፊ የነበሩት ግሬጎር ጊዚም በተሾሙ በሰባት ወር ግድም ሥልጣናቸውን አስረከቡ። ኦዝደሚር ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የእርሻ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል።

አሜሪካኖች ደግሞ በተቃራኒው ሄዱ። በሥራ ጉዞ የተገኘ ማይል የመንግሥት ንብረት ነው ሲሉ ኖረው፣ መዝገቡ በሰው ስም ስለሚከፈት መንግሥት በሚገባ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ በ2001 መጨረሻ የወጣ ሕግ ማይሉን ለሠራተኛው ተወለት። ይህም በመንግሥት ላይ ተጨማሪ ወጪ እስካላስከተለ ድረስ ነው። እኛም ዋናው ነጥብ ይኸ ይመስለናል። ማይል የገባለት ሰው ያን ያህል አያስነቅፈውም፤ ማይሉን ሽቶ ቀጥታ የሚሄደውን ርካሽ አይሮፕላን ትቶ፣ በሁለት ከተማ ዞሮ የሚደርስ ውድ ቲኬት ያስገዛ ግን የማይሉን ዋጋ ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ወስዶአል፤ ደረሰኙ የተሟላ መሆኑም ነገሩን አይለውጠውም።

መሥሪያ ቤቱ በዚህ ረገድ ደንብ ያለው እንደ ሆነ በደንቡ መሄድ ነው፤ የሌለው እንደ ሆነ ከጉዞው በፊት ለገንዘብ ክፍሉ በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለበትም። እስከዚያው ድረስ ወጣቱ ሹም ሁለት መዝገብ ቢይዝ ይበጀዋል። አንድ ሰው በአንድ አየር መንገድ ሁለት መዝገብ መክፈት አይፈቀድለትም፤ ነገር ግን በአንዱ ማኅበር ውስጥ ብዙ አየር መንገዶች ስላሉ፣ የሥራውን ጉዞ በሼባ ማይልስ፣ በራሱ ገንዘብ የሄደውን በሌላው ሊያስጽፍ ይችላል። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ማይሉን ለሚቀጥለው የሥራ ጉዞ አምጣ ቢለው፣ የቱ የማን እንደ ሆነ ለመለየት አንድ ገጽ መግለጥ ብቻ ይበቃዋል።