የሰርቨር ቦታ አመራረጥ

ዘንድሮ የክፍላችንን የጥናት ማስታወሻ በኢንተርኔት ለማኖር አስበን፣ ከትልቅ ኮምፒዩተር ተከፍሎ የሚከራይ ቦታ ከፍራንክፈርት ወይስ ከአዲስ አበባ እንያዝ ብለን ተከራከርን። እኔ አዲስ አበባን ደገፍሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው።

ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕር ዳር እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ አያንስም፤ እስከ አዲስ አበባ በመኪናው መንገድ ቢሰላ እንኳ 6 ያህል ነው። ለአንድ ጊዜ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን አንድ ገጽ እስኪከፈት መልእክቱ እንደ ዘጌ ታንኳ ደጋግሞ ይመላለሳል። የውጩ ኪራይ በዶላር መሆኑም ለተማሪ አይመችም።

ሆኖም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ለስልካችን ቅርቡም ሩቁም እኩል ሩቅ ሆነ። ስለዚህ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒዩተር ይቀመጥ አልሁ፤ በዚህስ ማንም አልተከራከረኝም።