የዶሮ ደረትና የኦክስጅን ጉዞ

የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1957 ወዲህ ለፈጣን ዕድገት ያልተመረጠን የዶሮ ዘር ከ2005ቱ የሥጋ ዶሮ ጋር አንድ ዓይነት መኖ እየመገቡ አሳድገዋል። በ56ኛው ቀን የቀድሞው በአማካይ 905፣ አዲሱ 4,202 ግራም መዘነ። መኖው አንድ ነውና ልዩነቱ ከዘር የመጣ ነው፤ «ሆርሞን ቢወጉት ነው» የሚለው ሐሜት እዚህ ላይ ይወድቃል። አርቢዎች በየትውልዱ ፈጣኖቹን ሲመርጡ የብዙ ጂኖች ጥቃቅን ድርሻ ተጠራቅሟል።

የጡንቻ ክሮች ብዛት ጫጩቱ ሲፈለፈል በአመዛኙ ተወስኗል፤ ከዚያ ወዲያ ክሩ ይወፍራል እንጂ አይበዛም። እኛን የፊዚክስ ሰዎችን የሚስበን ይህ ነው። ክሩ ሲወፍር ኦክስጅን ከደም ሥር እስከ ክሩ መካከል የሚጓዘው ርቀት ይረዝማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በስርጭት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። «የእንጨት ደረት» የተሰኘው የጡንቻ መደደር ከዚሁ የኦክስጅን እጥረት ጋር ይያያዛል።