አሳብም ዘበኛ ያሻዋል

ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ብላ በሦስት ትከፍላለች፤ በአሳብ፣ በንግግርና በሥራ ማለት ነው። ስለ ኋለኞቹ ሁለቱ ስንጨነቅ ፊተኛውን እንደ ቀላል እናልፈዋለን። ማን አየው? ማን ሰማው?

እኔ ቀድሞ በአገር ቤት ጋዜጠኛ ነበርኩ። ውጭ አገር የተማርኩበት ዲግሪም ሣጥን ውስጥ አለ። ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ የሌሊት ዘበኛ ነኝ። በዚህ ሥራ እጅና እግር ያርፋል፤ አሳብ ግን አያርፍም።

አሳብን ጠልቀው ከመረመሩት አንዱ በግብፅ በረሃ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ ነው። (አንዳንድ ትምህርቱ ኋላ ቢወገዝም፣ ስለ አሳብ የጻፈው በመነኮሳት ዘንድ ሲነበብ ኖሯል።) ፈታኝ አሳቦች ስምንት ናቸው ብሎ ሆዳምነትን፣ ዝሙትን፣ ገንዘብ መውደድን፣ ሐዘንን፣ ቁጣን፣ ስልቹነትን፣ ከንቱ ውዳሴንና ትዕቢትን ይቆጥራል። ስለ ስልቹነት የጻፈውን ሳነብ ስለ ስደተኛ የተጻፈ መሰለኝ። በአራት ሰዓት ይመጣና እስከ ስምንት ሰዓት አይለቅም ይላል፤ አቆጣጠሩ እንደኛው ከንጋት ነው። ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች። መነኩሴው በዓቱን ይጠላል፣ ሌላ ቦታ የሚሻለው ይመስለዋል፣ ዘመዶቹንና የቀድሞ ኑሮውን ያስታውሳል፣ ፍቅር ከወንድሞች መካከል ጠፋ ይላል። በዚያ ሰሞን የበደለው ሰው ካለም ያው አሳብ ቂሙን ያራግብለታል።

የእኛ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ፈረቃ ያስተናግዳል! ቂም ይዞ መቁረብ እንደማይቻል ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

አሳብ እንዳይመጣ መከልከል በሰው እጅ አይደለም። ቡና ተፈልቶለት እንዳይቀመጥ ማድረግ ግን ይቻላል። ኤዋግሪዮስ አሳቦችህን ታዘባቸው ይላል፦ መቼ መጣ? የትኛውን ተከትሎ መጣ? መቼስ በረታ? ለእያንዳንዱም መልስ የሚሆን ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰብስቧል። ለጋዜጠኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወሬን ሳያጣሩ ማተም ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን (የማያውቅም አልጠፋ)።

እኔም ሞከርኩት። ከሥራ ያስባረረኝ አንድ የቀድሞ አለቃዬ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። እከራከረዋለሁ፣ እረታዋለሁ፣ በማግሥቱ እንደገና እንጀምራለን። ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተር መያዝ ጀመርኩ። ለካ ሰውየው ብቻውን አይመጣም! የሚመጣው የቤት ኪራይ ሳሰላ፣ ወይም ከአገር ቤት ተደውሎ ገንዘብ ስጠየቅ ነው። በደሉ እውነት ነው። የኪራዩ ጭንቀት ግን የእርሱ አይደለም።

አሁን ሲመጣ «አንተ ኪራይ ነህ» እለውና ዳዊቴን እገልጣለሁ። አንዳንድ ሌሊት ይሄዳል፤ አንዳንድ ሌሊት እስኪነጋ ይቆያል። ባለፈው ወር ሰውየው እዚሁ አሜሪካ መግባቱንና ስልኬን መጠየቁን ወዳጆቼ ነገሩኝ። ስጡት ብያለሁ።